የዲስክ መቀናጆ

እንኳን ደኅና ገቡ፣ እትዬ ካሣነሽ። ከቤተ ልሔም እስከ ንፋስ መውጫ ለእርስዎ ጉልበት ቀላል መንገድ አይደለም። ገብሱስ እንዴት ሰነበተ? ውርጭ አልነካውም? ተመስገን... ወደ ግድግዳው ጠጋ ብለው ይቀመጡ፣ ከነፋሱ ይሻላል። ድምፄን ከፍ ባደርግ አይቀየሙኝ፤ ጆሮዎ ደኅና መሆኑን አውቃለሁ። ከግድግዳው ወዲያ ሬዲዮ ስለሚጮህ ነው።

የመጡበትን ጉዳይ አልዘነጋሁም። ነገ የአባታችን የመሪጌታ ወልደ ጊዮርጊስ ሙት ዓመት ነው፤ እርስዎም የወንድምዎን ድምፅ እሰማለሁ ብለው ነው የመጡት። ከዚያ በፊት ግን ነገሩን በሥርዓት ላስረዳዎ። ሁላችንንም ቢያውቁን እንኳ፣ ዲስኮቹን ከነባለቤቶቻቸው ልጥራልዎ። ዲስክ ማለት ከጸሎት መጽሐፍ የማይበልጥ፣ ድምፅና ምስል የሚከተትበት ጥቁር ሣጥን ነው። አንደኛው የታላቃችን የሥዩም ነው፤ ፎቶ ቤት ስላለው የአገሩ ሰርግ ሁሉ በውስጡ ነበር። ሁለተኛው የእኅታችን የፈትለወርቅ ነው፤ አርብ ገበያ ከተማ የምታስተምረው ትምህርት ሁሉ ነበረበት። ሦስተኛው የእኔ ነው፤ አባታችን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ከዮሐንስ እስከ ፋሲካ፣ በካሴት የቀዱትን ድጓ ወደ ኮምፒውተር ገልብጬ፣ በየበዓሉ ለይቼ፣ ቁጥር ሰጥቼ ያኖርሁበት። አራተኛው... አራተኛውም ባለቤት አለው፤ ወንድማችን ነው። ስም መጥራት ምን ያደርጋል? ደግ ሰው ስሙ ሲነሣ ያፍራል።

ይህ ባለ አራተኛው፣ አሳቡ ሰፊ የሆነ ሰው ነው። እኛ ሦስታችን በየጓዳችን አንዳንድ ዲስክ ይዘን ስንኖር፣ አንድ በሬ ያለው ሰው ካልተቀናጀ አያርስም ብሎ ሰበሰበን። አራቱን በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ አሰለፈና አንድ ጎተራ አደረጋቸው፤ ሰርቨር ይሉታል። ያለንን ሁሉ ከተትንበት። ከዚያ ወዲህ በግቢው ያለ ሰው ሁሉ በየስልኩና በየቴሌቪዥኑ ከዚያው ጎተራ ይቀዳ ጀመር። እውነት ለመናገር፣ ሥራው ያምር ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ነው ይባል የለ? የእኛ ሰው ግን የሁላችንንም ጌጥ ብቻውን ሊሸከም ፈቀደ፤ ሰርቨሩ ከዚህ ግድግዳ ወዲያ፣ እሱ ቤት ተቀመጠ። ካሴቶቹንም፣ ጎተራ ከሞላ ወዲያ ነዶ የሚያስቀምጥ ምን ዓይነት ገበሬ ነው ብሎ፣ በገዛ እጁ ከነካርቶናቸው አውጥቶ ጣለልን። ንጽሕና ይወዳል።

እኔ አንዲት ትንሽ ነገር ብዬ ነበር። ሌላ ዲስክ ገዝተን ግልባጭ እንያዝ አልሁ። አራት በሬ ያለው ሰው አምስተኛ ለምን ይመኛል ተባልሁ፤ ዝም አልሁ። የእኔም ጥፋት እዚያ ላይ ነው። ብቻ በወረቀት ላይ በጉልህ ጻፍሁና በሰርቨሩ ላይ ለጠፍሁ፦ «እያንዳንዱ ድምፅ ተከትፎ በአራቱም ዲስኮች ላይ ተበትኗል። አንዱ ቢወጣ አራቱም ባዶ ናቸው።» በሳምንቱ ብሄድ ወረቀቱ ነጭ ዳንቴል ለብሷል። ውበት የሚያውቅ ሰው ነው፤ በእርግጥ ጽሑፍ ቤት ያበላሻል።

መቀናጆን መቼም እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ሁለት ሰዎች አንዳንድ በሬያቸውን ያጣምዳሉ፤ ሲመሽ ደግሞ እያንዳንዱ የየራሱን ፈትቶ ወደ ቤቱ ይነዳል። ሕጉ ይህ አይደል? የእኛም ሰው ሕግ አክባሪ ነው። ባለፈው ጥቅምት አርብ ገበያ ያለ ወዳጁ የቱርክ ድራማ ልጫንልህ ቢለው፣ የራሱን በሬ ብቻ... የማንንም አልነካም... ፈትቶ፣ በኪሱ ከትቶ ሄደ። የወዳጁ ኮምፒውተር ያንን ክትፍታፊ ከየት ያንብበው? ዲስኩን ልጥረገው ወይ ብሎ ጠየቀ። ባለ አራተኛው ደግሞ ጨዋ ነው፤ ለጠየቀው እምቢ ማለት መቼ ያውቅበታል? ይጠረግ አለ። መቶ ሃያ ክፍል ድራማ ጭኖ፣ ደስ ብሎት ተመለሰ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ። አንዱ ክር ሲመዘዝ አንበሳው ምን እንደሚያደርግ ግን ተረቱ አይነግረንም። የሥዩም ሰርጎች ጠፉ፤ የፈትለወርቅም ትምህርት። እነዚያስ ግድ የለም፤ ሰው እንደገና ይዳራል፣ እንደገናም ያስተምራል። አባታችን ግን... ሁለተኛ ሞቱ። ዲስኮቹን ባሕር ዳር ድረስ ይዤ ሄጄ ነበር፤ ባለሙያው ራሱን ነቀነቀብኝ። ተመልሼ ብጠይቀው፣ ባለ አራተኛው በእርጋታ መለሰልኝ፦ «እኔ የወሰድሁት በሬዬን ነው። የእናንተ በሬዎች ቆመው የለም እንዴ?»

ቆመዋል እንጂ። ማረስ ብቻ ነው ያቃታቸው።

ሬዲዮው ጸጥ አለ መሰለኝ? መብራት ጠፍቶ ይሆናል... አምፖላችን ግን በርቷል።

እግዚአብሔር ሲነሣ ሁሉን አይነሣም። በፈትለወርቅ ስልክ ላይ አርባ ሴኮንድ የምታህል ድምፅ ተርፋ ተገኘች። አባታችን ሃሌ ሉያ ብለው ይጀምራሉ፤ ወዲያው አንድ ሰው ቴፑን ላስተካክል እያለ ሲጠጋ ኮሽታው ይሰማል። ዜማውን ያቆሙና «ተው ልጄ፣ እሱን አትንካው» ይላሉ። ከዚያ ቀጭ... አለቀ። ከአሥራ አንድ ዓመት ትምህርት የቀረችልን ይህች ምክር ናት። የተጠጋው ሰው ማን እንደ ሆነ እኔ አልገምትም፤ ከእርስዎ ጋር ሆነን ነገ እንሰማዋለን።

ትናንት አራታችን ተቀምጠን ወሰንን። ሰርቨሩ ወደ ሥዩም ፎቶ ቤት ይሄዳል። ሦስቱ ዲስኮች እንደ አዲስ ይጀምራሉ፤ የእያንዳንዱም ግልባጭ በሌላ ቤት ይቀመጣል። አራተኛው ከነድራማው ለባለቤቱ በክብር ይመለሳል። ያቺ አርባ ሴኮንድ ደግሞ ነገ ከጸሎቱ በኋላ ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ ትሰማለች። ሥዩም እጁን አወጣ፤ ፈትለወርቅ አወጣች፤ እኔም አወጣሁ። ባለ አራተኛውም... ጥቂት ዘግየት ብሎ... አወጣ። ማንም አልተቃወመም።

እንዲህ ያለ ታዛዥ ሰው ሳይመረቅ አይታለፍም። ሚስቱም በጥር ትወልዳለች። እኔ ልመርቅ፣ እርስዎ አሜን ይበሉልኝ። የአባታችን አምላክ በሰላም ያገላግላት። ልጁን ያሳድግለት። እሱንም ዕድሜ ሰጥቶ ያሸምግለው፤ እንደ አባቱ ቃሉ የሚከበር፣ ድምፁ የሚናፈቅ ሰው ያድርገው። ሲያልፍም ያ ልጅ፣ እሱ የአባቱን ድምፅ በያዘበት እጅ፣ ልክ በዚያው እጅ፣ ድምፁን ይያዝለት።

አሜን ይበሉ እንጂ፣ እትዬ።