የካሚዮኑ ጥም

በጣሊያን ጊዜ ነው። ከሸዋ ሮቢት በካሚዮን ጭነት ላይ ተሳፍረን ወደ ጣርማ በር ስንወጣ፣ ዳገቱ መሀል ሞተሩ ፈልቶ ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ የውሃ ቆርቆሮውን ቢያነሳው ባዶ ነው።

"ውሃዬን ማነው የደፋው?" ብሎ ጮኸ።

"አልተደፋም። ቅድም ስንቆም ለሶላት ውዱእ አደረግኩበት፣ እጅ እግሬን ታጠብኩበት" አሉ አንድ የይፋት ባለ ግመል ሽማግሌ።

"የሞተሩን ውሃ?"

"ጠዋት ሮቢት ላይ ስታጠጣው አይቼ የለም እንዴ! ግመሌ አንዴ ከጠጣች ስንት ቀን ትሄዳለች። ይሄ የጣሊያን እንስሳ ግማሽ ቀን አይችልም?"

"ዳገት ላይ አይችልም፣ አባቴ! ውሃ ከሌለ ለሶላት በአፈር መንጻት ይፈቀድላችሁ የለም ወይ?"

"ውሃ እያለ አይፈቀድም!"

"ታዲያ አሁን ሞተሩን በአፈር ላብርደው?"

"እንካ! ጨርሰው!" ብለው የራሳቸውን የውሃ ቅል ወረወሩለት።

"ቆይ፣ መጀመሪያ ይብረድ! የጋለ ሞተር ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኘው ይሰነጠቃል። ደግሞ ይቺ ጉሮሮውንም አታርሰውም። እናንተም ዝም ብላችሁ አትዩኝ፣ የያዛችሁትን ውሃ አውጡ!"

እኔ ቅሌን ቀስ አድርጌ ነጠላዬ ስር ከተትኩና፣ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ወደ ገደሉ ማየት ጀመርኩ።