ከጅረቱ ማዶ የተገዛ ትምህርት

በጎች በሚወልዱበት ወራት ዝናቡ ጋብ ሲል እግሬን ላፍታታ ብዬ ወደ ጅረቱ ወረድኩ። ጅረቱ ዌልስንና እንግሊዝን ይለያል፤ የሽማግሌው የሜሪግ እርሻ ደግሞ በሁለቱም ወገን ነው። ሜሪግን ከድልድዩ ማዶ ተንበርክኮ በውሻው በኔል አንገት ላይ ጥቁር ማሰሪያ ሲያስር አገኘሁት። ሁለት ሹል ብረቶች ቆዳዋን ነክተዋል።

«እንዴት ዋልክ ሜሪግ? ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ትምህርት ቤት ነዋ፣ መምህር! አንተ በጠመኔ ታስተምር ነበር፤ እኔ በኤሌክትሪክ» አለኝ እየሳቀ።

ኔል ዓይኗን ራቅ ብላ ወደምትግጥ በግ ጣል አደረገች። ሜሪግ አፏጨ። ውሻዋ ትንሽ ስትዘገይ በእጁ የያዘውን ሪሞት ተጫነው። እንዴት እንደጮኸች! ክው ብዬ ቀረሁ።

«ሜሪግ! ይሄ እኮ በሕግ የተከለከለ ነው!»

«የተከለከለው ዌልስ ነው። የቆምንበት እንግሊዝ ነው፤ እዚህ እስካሁን የከለከለ የለም። ድልድዩን ስሻገር አወልቅላታለሁ። ሕግ አክባሪ ነኝ እኮ!»

ይህን ጊዜ የልጅ ልጁ ሄሌድ ሻይ ይዛለት መጣች። ከተማ ኮሌጅ ገብታ የእንስሳት ሕክምና ረዳትነት ትማራለች። ማሰሪያውን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ።

«አባባ፣ ደግሞ ጀመርክ?»

«አንቺ ልጅ፣ ጎረቤታችን ቲዲር ያለኝን ረሳሽው? ‹ውሻህ እርጉዝ በጎቼን አንድ ጊዜ ብታባርር በጥይት ነው የምላት› ብሎኛል። ያደርገዋል፤ በግ የሚያባርር ውሻ ቢገድል ሕግም አይይዘውም። ታዲያ አንገቷን ቆንጠጥ ባደርጋት ይሻላል ወይስ ትሙት?»

ሜሪግ ጨካኝ ሰው አይደለም፤ ያስጨነቀው የውሻዋ ሕይወት ነበር። ሰው ግን በፍቅርም ይሳሳታል፤ የፍቅር ስሕተት ደግሞ ለመካሪ አይመችም።

ሄሌድ ግን አልተበገረችም። «እሺ፣ የቲዲር በጎች የት ነው ያሉት?»

«ዌልስ ነዋ!»

«ማሰሪያውን የት ነው የምታስርላት?»

«እንግሊዝ።»

«ታዲያ እዚያ ማዶ ሕመም እንደሌለ አስተማርካት እንጂ ምን አስተማርካት?»

«አይ የኮሌጅ ነገር! ውሻ ድንበር ያውቃል? ቆይ ላሳይሽ።» ማሰሪያውን ፈታና ኔልን ወደ እግሩ ለመጥራት አፏጨ።

ውሻዋ መሬት ላይ ተለጠፈች። ከዚያ ብድግ ብላ ሽው አለች፤ ድልድዩን ተሻገረች፣ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ የቲዲር በጎች መሀል ገባች። ቲዲር እዚያው በጎቹን ከቀበሮ ሲጠብቅ ነበርና ጠመንጃው በእጁ ነው። አነጣጠረ።

ሜሪግ ደጋግሞ አፏጨ። ባፏጨ ቁጥር ኔል ይብስ ሮጠች።

«አታፏጭ አባባ! እያባረርካት እኮ ነው!»

ሄሌድ ድልድዩን በሩጫ አልፋ ከአጥሩ ሥር ተቀመጠች። እጆቿን ዘርግታ፣ ማታ ማታ ግቢ ውስጥ ቺዝ ስታበላት በምትጠራበት ድምፅ፣ «ኔል፣ ነይ የኔ ቆንጆ፣ ነይ» አለች። ውሻዋ ሩጫዋን ቀነሰች፤ ዞረች፤ መጥታ እቅፏ ውስጥ ተወሸቀች። ቲዲር ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ፤ እኔም ድልድዩን ተሻገርኩ።

«ሜሪግ፣ ውሻህ እንግሊዝ ውስጥ ቅድስት፣ ዌልስ ውስጥ ሽፍታ ናት!» አለ ቲዲር። ማንም አልሳቀም።

ሜሪግ እያለከለከ ደርሶ እጁን ዘረጋላት። ኔል ከሄሌድ ኋላ ተደበቀች፤ ከፍርሃት ብዛት ሽንቷ አመለጣት።

«እኔን? እኔን ነው የምትፈራው?»

«ሕመሙ ከማሰሪያው እንደሚመጣ በምን ታውቃለች አባባ? አንተ ስታፏጭ ይመጣል። ለእሷ ያሳመምካት አንተ ነህ። ሕጉም የወጣው ለዚህ ነው፤ እንስሳው ስለምን እንደተቀጣ አያውቅም።»

ሽማግሌው የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ። «እኔ ሕጉ የት ላይ እንደሚያልቅ ነው ያጠናሁት» አለ በመጨረሻ፤ «ለምን እንደወጣ አልጠየቅኩም።» ከዚያ ወደ ቲዲር ዞሮ፣ «ገመድ ሳላስርላት ከግቢ አትወጣም። እንደገና ላስተምራት ጊዜ ስጠኝ፤ እባክህ» አለ። ሜሪግ ቲዲርን እባክህ ሲለው ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ቲዲር ጊዜ ብቻ አይደለም፣ ሰው የለመዱ ሁለት አሮጊት በጎችም አዋሰው። ሄሌድ ረጅሙን ገመድ ይዛ፣ ኔል ዓይኗን ከበጎቹ ባነሣች ቁጥር እያጎረሰቻት አስተማረቻት። ሜሪግም ፉጨቱን ትቶ፣ በስሟ እየጠራ በእጁ ያበላት ጀመር። መኸር ሲገባ ኔል በሁለቱም አገር በጎች መሀል ተኝታ ማየት ጀመርን። የቲዲር በጎች ከስጋት ዐረፉ፤ ሲኮራረፉ የኖሩት ጎረቤታሞች መንጋቸውን ከተራራው አብረው አወረዱ፤ ሜሪግም ወዲያና ወዲህ ሲሻገር ሕግ የሚያስታውስበት ምክንያት አልነበረውም።

ምክር ለሚሰማ ይህ ሁሉ ትርፍ ነው። የተጎዳው ግን ሁሉ አልዳነም። መንጋው በወረደበት ቀን አንድ ሌላ እረኛ ውሻውን ሊጠራ አፏጨ። ኔል ተንቀጠቀጠች፤ ሮጣም የሜሪግ እግር ሥር ገባች። ሽማግሌው በጭቃው ላይ ተንበርክኮ፣ ፉጨቱ እስኪያልቅ ድረስ ጆሮዎቿን በሁለት መዳፉ ሸፈነላት።