የግንቡ ጀርባ

(ድንበሩ በተከፈተ ሰሞን፣ ከምጽዋ ወጣ ብሎ ባሕር ዳር ባለ አሮጌ የቱርክ ምሽግ። ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሹፌር አቶ ቢተውና ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት በምጽዋው ጦርነት የጠፋው መርከበኛ ልጃቸው የአሰግድ ሚስት ውድነሽ፣ ምሽጉን በእግር እየዞሩ።)

ውድነሽ፦ ይብቃን አባባ። ከዚህ ወዲያ ግንቡ ተንዷል፤ አይታለፍም።

ቢተው፦ ማን አለ?

ውድነሽ፦ በሩ ላይ ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ።

ቢተው፦ እነዚያ ፈረንጆች አሁን በዚያው ዞረው አልመጡም? ያቺ ባርኔጣዋን ንፋስ የሚታገላት አሮጊት እንኳ አልፋዋለች።

ውድነሽ፦ ጉልበትዎን ብዬ ነው።

ቢተው፦ የጣርማ በርን ጠመዝማዛ ስወጣ ስወርድ ያረጀሁ ሰውዬ፣ ለጥ ባለ መንገድ ምን እሆናለሁ? ዳገት የለው፣ ቁልቁለት የለው። ለሙሽራ የተጠረገ ይመስላል።

ውድነሽ፦ ፀሐዩስ?

ቢተው፦ ልጄ በዚህ ፀሐይ ዘብ ቆሞበታል። እሱ የዞረውን ሳልዞር አልመለስም።

ውድነሽ፦ እሺ፣ መጀመሪያ ሻይ እንጠጣና...

ቢተው፦ ጠጣን እኮ! ፊቴን ልታጠብ ዞር ስል ከሴትዮዋ ጋር ስትንሾካሾኩ ነበር። ስመለስ ጭጭ አላችሁ። ምን ነበር?

ውድነሽ፦ የሴት ወሬ ነው።

ቢተው፦ የሴት ወሬ እንዲህ ፊት ያገረጣል? ግድ የለም፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ስለ የመን ነገረችሽ? ብዙዎቹ መርከበኞች በጀልባ ተሻግረዋል ይባላል። አሰግድ ደግሞ ጀልባም አይፈልግ። የወሎን ሐይቅ ማዶ ለማዶ የሚዋኝ ልጅ ነበር።

ውድነሽ፦ ሐይቅና ይሄ አንድ ነው አባባ?

ቢተው፦ ውሃ ውሃ ነው።

ውድነሽ፦ እያሳሳቀ የሚወስደውም ውሃ ነው።

ቢተው፦ አታሟርቺ! ድንበሩ ሲከፈት ምን አልኩ? መንገድ አገኘ፣ ይመጣል አላልኩም? ጥር ላይ ልጅሽን ጠብቂውን መርቆ የሚድራት አባቷ ነው።

ውድነሽ፦ ጠብቂው መጠበቅ ሰለቻት! በሆዴ እያለች ነው የጠፋው፤ እርስዎ ነዎት ጠብቂው ብለው ስም ያወጡላት። ልጅቷ ሽበት ጣል ጣል አደረገባት። ሰርጓን አምና አስተላለፍን፣ ዘንድሮ ደግሞ...

ቢተው፦ አትጩሂብኝ።

ውድነሽ፦ ይቅር ይበሉኝ።

ቢተው፦ አንቺ እኔ ላይ ጮኸሽ አታውቂም። ውድነሽ፣ ከግንቡ ጀርባ ምን አለ?

ውድነሽ፦ ምንም። አሸዋ ነው።

ቢተው፦ አሸዋ ከሆነ ልለፍ።

ውድነሽ፦ አይለፉ! ይረግጧቸዋል!

ቢተው፦ እነማንን?

ውድነሽ፦ ልጆቹን። እዚህ ምሽግ ውስጥ የሞቱትን። ሴትዮዋ ያኔ ልብሳቸውን ታጥብላቸው ነበር። ተኩሱ ሲበርድ ከጎረቤቶቿ ጋር ሆና እዚያ ማዶ ቀበረቻቸው። ባንድ ጉድጓድ። ምልክት የለው፣ ምን የለው፤ መንገደኛው ሁሉ በላያቸው ነው የሚያልፈው።

ቢተው፦ ነፍስ ይማር። እዚህ ስንቱ አልቋል። ልጄ እዚያ ነው ያለሽ ማነው?

ውድነሽ፦ ስም አላስታውስም አለች። እኔም አልጠራሁላትም። ከራሷ አፍ ነው የወጣው፤ “አንዱ የወሎ ልጅ ነበር። ግራ እጁ ስድስት ጣት ነው። ሚስቴ ልትወልድልኝ ነው፣ ልጁም እንደኔ ስድስት ካለው ሒሳብ ይቀለዋል እያለ ያስቀኝ ነበር” አለችኝ።

ቢተው፦ ስድስት ጣት... የኔ አሰግድ!

ውድነሽ፦ አባባ? ይቀመጡ። ግንቡን ይደገፉት።

ቢተው፦ ዓይኑን ማን ከደነለት?

ውድነሽ፦ እሷ። እናቱ ብትኖር የምታደርገውን አደረግሁለት ነው ያለችው።

ቢተው፦ በምን ገነዘችው?

ውድነሽ፦ ባንሶላዋ።

ቢተው፦ እግዜር ይስጣት። እኔ እኮ... በየመናኸሪያው ከኋላ እሱን የመሰለኝን ሰው ሁሉ ትከሻ ስነካ ነው የኖርኩት። አንዱ ዞሮ “አባቴ፣ ምን ጠፋብዎት?” ሲለኝ፣ ሻንጣ ነው እላለሁ። ሻንጣ!

ውድነሽ፦ እንመለስ በቃ። አገራችን ስንገባ ወግ ባለው መንገድ መርዶው ይነገራል። ድንኳን ይጣላል፣ እድሩ ይመጣል፣ እርስዎም ያለቅሳሉ።

ቢተው፦ አንቺስ? ይሄን ሁሉ ዘመን አንድ ቀን ስታለቅሺ አላየሁሽም።

ውድነሽ፦ እርስዎ ይመጣል እያሉ በምን አፌ ላልቅስ? እንባዬ ከወረደ እኔ የገደልኩት መስሎ ይታየኝ ነበር።

ቢተው፦ ነጠላሽን አዘቅዝቂ።

ውድነሽ፦ እዚህ? አልቃሽ በሌለበት፣ ዘመድ በሌለበት? ደግሞ ወንድ ሙሾ አያወርድ...

ቢተው፦ እኔ አወርዳለሁ። አንቺ ተቀበይኝ።