መቀነቷ ላይ ያሰርኩት መለኪያ

ከመካነ ሰላም ወደ ከላላ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ አንድ ወጣትና አንዲት አዛውንት ተቀምጠዋል። ወጣቱ ሽቦ የተንጠለጠለበት ትንሽ ሰሌዳ በመዳፉ ይዟል።

«ምንድን ነው ልጄ?»

«ፊዚክስ የማስተምርበት መለኪያ ነው እማማ። እኔ በምጽፍለት ፕሮግራም፣ ፍጥነት በድንገት ሲለወጥ ያውቃል። እናቴ የሚጥል በሽታ ነበረባት። ስትወድቅ ጮኾ ጎረቤት እንዲጠራ መቀነቷ ላይ አሰርኩላት።»

«ጮኸላት?»

«መጀመሪያ ያለልክ ይጮህ ነበር። በቅሎ ላይ ስትቀመጥ ይጮሃል፤ ጌሾ ስትወቅጥ ይጮሃል፤ ጎረቤቱ ሁሉ እየሮጠ ይመጣል። ‹አሳፈረኝ፣ ዝም አሰኝልኝ› አለችኝ። በኃይል ካልወደቀች እንዳይጮህ አደረግኩት።»

«ከዚያስ?»

«ምንጭ ስትወርድ በሽታው ተነሥቶባት ተንሸራታ ወደቀች፤ ቀስ ብላ። መለኪያው የተቀመጠች መስሎት ዝም አለ። በማግስቱ አባቴ ከንግሥ ሲመለሱ ሞታ አገኟት።»

«አብሽር ልጄ። እሷስ ያኔውኑ አርፋለች፤ አልተሠቃየችም።»

«ከቀብሯ በኋላ ወስጄ ሳየው፣ እንቅስቃሴዋን መዝግቦታል እማማ። ከወደቀች በኋላ እስኪመሽ ድረስ ትንቀሳቀስ ነበር።»



«ለአባትህ ነግረሃቸዋል?»

«ገና ነኝ። አሁን ወደ እሳቸው ነው የምሄደው።»

«አትንገራቸው።»

«‹ወዲያው ነው የሞተችው?› እያሉ በስልክ ይጠይቁኛል።»

«አትንገራቸው ልጄ።»

«ፊታቸውን እያየሁ መዋሸት አልችልም።»



መውረጃዬ ደርሶ ነበር፤ «ወራጅ አለ» ማለት ግን አቃተኝ።