በባዶ እግርና በሐር ጫማ

በማላይ አገር ከበተርወርዝ ወደብ ወደ ፔናንግ ደሴት የምታሻግረው ጀልባ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጉም ውስጥ ስትገባ፣ የኔታ ታንጋቬሉ ላይኛው ወለል ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጠው ከራሳቸው ጋር ይሟገቱ ነበር። በጆርጅ ታውን ከተማ የታሚል ሕንዶችን ሴት ልጆች የአያቶቻቸውን ዳንስ ባራታናትያምን ሲያስተምሩ ጸጉራቸው የነጣ ሰው ናቸው። ባሕሩን የተሻገሩት ሴት ልጁን ከትምህርት ያስቀረባቸውን አባት ለመለመን ነበር። አባትየው በክብር ተቀበላቸው፤ ሻይ አጠጣቸው፤ ለመንገድ ብሎም ቆሎ መሳይ ጥብስ፣ ሙሩኩ፣ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጣቸው። ልጅቷን ግን አልሰጣቸውም። «ዘመኑ የፈረንጆቹ ዳንስ የባሌ ነው፣ የኔታ፤ ምን ላድርግ?» ብሎ አሰናበታቸው።

እንግዲህ ትምህርት ቤቱን ዘግቼ ኢፖ ከተማ ልጄ ዘንድ እገባለሁ ሲሉ የከረሙትን በመጨረሻ በልባቸው ሲቆርጡ፣ አንዲት ወጣት ተማሪ መምህሯን እንደምትሳለመው ጎንበስ ብላ እግራቸውን ዳሰሰች። ፑንጎዲ ናት፤ አንድ ጊዜ እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚያዩዋት ተማሪያቸው። ባሌ ተማረች፣ የሐር ጫማ አድርጋ ትደንሳለች ከተባለ ወዲህ ግን ስሟንም አንስተው አያውቁም።

«እግሬን ተይው» አሉና ሰበሰቡት። «አንቺ የምታውቂው የጫማ እግር ነው።»

«እንኳን ተቆጡኝ! ዝም ቢሉኝ ነበር የሚከፋኝ» አለች ፑንጎዲ፤ አጠገቧ ወደቆመች ቻይናዊት ወጣትም ዞራ፣ «ስዊ ላን ትባላለች፤ ባሌ የምታስተምር ጓደኛዬ ናት» ስትል አስተዋወቀቻቸው።

የኔታ ተነሥተው ቦታ ሊለውጡ ቃጣቸው። ወዲያው ግን ጀልባዋ ጥሩምባዋን ነፍታ ሞተሯን አጠፋች፤ ከጉሙ ውስጥ ትልቅ የጭነት መርከብ ሊያልፍ ነው። ሁሉም ነገር ጸጥ አለ። ደሴቲቱ የለችም፤ የመጡበትም ዳርቻ የለም። ውሃው ብቻ ከታች እንደሚያንቀላፋ ሰው ቀስ ብሎ ይተነፍሳል።

«መሸሻም የለ!» አሉ የኔታ፤ ተመልሰውም ተቀመጡ።

«ሙሩጋን አምላካችን እዚህ ያገናኘን በምክንያት ነው» አለች ፑንጎዲ ሳቋን ዋጥ አድርጋ። «ለከተማው በዓል እኔና እርሷ የኛን ዳንስና ባሌን ያጣመረ ሥራ እያሰናዳን ነው። ምቱን የሚመታልን፣ የእርምጃውን ቃል የሚጠራልን ግን አጣን። ቤትዎ ልመጣ ብዬም ፈራሁ።»

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። የብብቴን ግን መቼ ጣልኩ? ይኸው እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት ያስተማሩኝን ሳልሠራ አልውልም።»

«ስሚ ልጄ። እነሱ ከመሬት የሚሸሹ ናቸው፤ በጣታቸው ጫፍ ቆመው ወደ ሰማይ ይዘላሉ። እኛ መሬቷን ገና ሳንረግጣት ይቅርታ እንጠይቃታለን። የሚሸሽና የሚሰግድ እንዴት አብሮ ይሄዳል?»

ይህ የሽማግሌው ቃል ከአላዋቂነት የመጣ አልነበረም። አዲስ ነገር ወዳድ የሆነ ሁሉ እንዲህ ያለውን ጥያቄ በትዕግሥት ሊሰማ ይገባዋል፤ ለሚወዱት ነገር የሚሰጉ ሰዎች ጥያቄ ነውና።

«ሰማይና ምድርስ አብረው አይኖሩም እንዴ?» አለች ፑንጎዲ። «እስቲ አሁን ባሕሩ የት አልቆ ሰማዩ የት እንደጀመረ ያሳዩኝ።»

የኔታ አሻግረው አዩ። ሁሉም አንድ ግራጫ ነበር፤ እርሳቸውም ለጥቂት ጊዜ በሕልም እንዳሉ ሆኑ።

«ጉሙ ሲገለጥ ግን ይለያል!» አሉ ድንገት ነቅተው። ስዊ ላን ሳቀች፤ እርሳቸውም ሊስቁ ምንም አልቀራቸው።

«እሺ፣ ሌላ ልጠይቅዎ። ዳንሳችን ከቤተ መቅደስ ወጥቶ መድረክ ላይ ሲቆም አያትዎ ደረታቸውን እየመቱ አልቅሰዋል ብለው የነገሩኝ እርስዎ አይደሉም?»

«ነኝ።»

«ዛሬ ደግሞ መድረኩን የጥንት ነው ብለው ይከራከሩለታል።»

የኔታ አያታቸውን አስታወሱ፤ ቆይተው ግን እርሳቸውን፣ የልጅ ልጃቸውን፣ መድረክ ላይ ሊያዩ በፊተኛው ረድፍ የተቀመጡትም እኚያው አያት ነበሩ።

«ይሁን» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የዛሬ ልጆች ግን አንዱንም ሳያበስሉ ነው የሚቀላቅሉት። ከሁለት ያጣ ጎመን ይሆናሉ።»

«እሱስ እውነትዎን ነው። አሳዩን ብዬ የምለምንዎትም ለዚሁ ነው። እርስዎ በር ዘግተው ኢፖ ከገቡ፣ ጥሬውን ከብስሉ ማን ይለይልናል?»

«ኢፖን ማን ነገረሽ?»

«ከተማው ሁሉ ያወራዋል፣ የኔታ።»

በዚህ መካከል ስዊ ላን ጫማዋን አወለቀች። ተረከዞቿን ገጥማ፣ ጉልበቶቿን ወደ ጎንና ወደ ጎን ከፍታ፣ ጀርባዋን እንደ ሸንበቆ አቅንታ ዝቅ አለች። ሽማግሌው ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው፤ ተማሪዎቻቸው ለመልመድ ስንት የሚያለቅሱበት አቋቋም ነው።

«ይህን ያስተማረችሽ ፑንጎዲ ናት?»

«አይ፣ አባባ። ይሄማ ባሌ ነው፤ ከልጅነቴ የለመድኩት» አለች። ከዚያም ጓደኛዋ ከመደነሷ በፊት እንደምታደርገው ወለሉን በእጇ ልትዳስስ ብላ እጇን ገታች። «ግን ከእግራችን ሥር መሬት የለም፤ ባሕር ነው። ይቅርታ ማንን ልጠይቅ?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ከተማሪ አፍ ከሰሙ ስንት ጊዜያቸው! «ባሕሩን ጠይቂ» አሏት። «የተሸከመሽን ሁሉ ጠይቂ።»

ስዊ ላን ጎንበስ ብላ ጠየቀች። የኔታም ሳያስቡት መዳፋቸው አግዳሚውን መምታት ጀመረ፦ «ታይ ያ ታይ! ታይ ያ ታይ!» ፑንጎዲ ወለሉን በባዶ እግሯ ስትረግጥ፣ ስዊ ላን በዚያው ምት በጣቶቿ ላይ ተነሥታ በጉሙ ውስጥ ተንሳፈፈች፤ አንዷ ምቱን ወደ ታች ስታወርደው ሌላዋ ተቀብላ ወደ ላይ ታወጣዋለች። ተሳፋሪው ተሰበሰበ። ሕፃን ያዘለች የማላይ ሴት አፏን በእጇ ይዛ ቀረች፤ ጉልበት ሠራተኞቹም ሲጋራቸውን ረሱት።

«ክርንሽ! ክርንሽን አታውርጂ!» ሲሉ የኔታ ጮኹ፤ ሲጮኹም ተሸናፊ መሆናቸውን አወቁ።

ሞተሩ ተነሣ። የኔታ ሙሩኩውን ፈተው ለሁለቱም አካፈሏቸው። «እመታላችኋለሁ። ነገር ግን እኔ አዳራሽ በጫማ አይገባም፤ ስዊ ላን አዳራሽ እንደ ሥርዓቷ ይሁን። የምናስተምራቸው ልጆችም መጀመሪያ ሁለቱን ዳንስ ለየብቻ ይማሩ፤ ከዚያ ይገናኙ።»

በበዓሉ ዕለት ታሚሉም ቻይናውም ማላዩም ጎን ለጎን ተቀምጦ አየ። የሰው ባህል ቢጋራ የሚያልቅ ስንቅ አይደለም፤ ሥርዓቱን ጠብቀው ቢያገናኙት ወጣቱን ወደ አባቶቹ ይመልሳል፤ ሲተላለፉ ሰላምታ እንኳ የማይለዋወጡትን ያነጋግራል። አዲሱ አሮጌውን ቢያከብር፣ አሮጌውም ለአዲሱ ቦታ ቢለቅ ሁለቱም ያተርፋሉ።

የኔታ ኢፖ አልሄዱም። ከበዓሉ በኋላ አንድ ጠዋት በራቸው ተንኳኳ። ሚስማርና ቀለም የሚሸጡት ጎረቤታቸው፣ ቻይናዊው ሽማግሌ ቴክ ሁዋት፣ የልጅ ልጃቸውን እጇን ይዘው ደጃፉ ላይ ቆመዋል።

«ያንተ ልጆች ወለሉን በደበደቡ ቁጥር እኔም በቡጢ ግድግዳህን ስደበድብ ኖርኩ» አሉ ቴክ ሁዋት አንገታቸውን ደፍተው። «ምን እንደምትሠሩ አላውቅም ነበር።»

«እኔስ ግባና እይ ብዬ መቼ ጠራሁህ?» አሉ የኔታ ታንጋቬሉ፤ በሩንም ወለል አድርገው ከፈቱት።