የባቢከር ገበቴና የሙርሳል ጋሪ

በአሥራ ስምንት መቶ ዘጠና አራት ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር ሰባት ቀን፣ ቅዳሜ፣ የቀትሩ የዙሁር ሶላት እንዳበቃ ሽማግሌው ባቢከር ከአሶሳ ገበያ ሲመለሱ ከጅረቱ መሻገሪያ ላይ ግራ የሚያጋባ ነገር ገጠማቸው። አንዲት አህያ የቀርከሃ ጋሪ ትጎትታለች፤ ጋሪው ላይ ሦስት እንስራ ተደራርቧል። አጠገቡ የቆመው የእህታቸው ልጅ ሙርሳል ነው፤ ሱዳን ውስጥ ሮሰሪስ ከተማ ሦስት ዓመት ተምሮ በቅርቡ ተመልሷል።

“አሰላሙ አለይኩም፣ ኻሊ” አለ አጎቱን።

“ወአለይኩም ሰላም። ምንድን ነው ይኼ? ሙሽራ ልታመጣበት ነው?”

“ማስተማሪያ ነው። በየመንደሩ እየዞርኩ ውሃ ሲጣራ አሳይበታለሁ። ላይኛው እንስራ ጠጠር አለው፤ መካከለኛው ከሰልና አሸዋ። ሁለቱም ከታች የተበሱ ናቸው። የመጨረሻው ንጹሑን ይቀበላል።”

“አሸዋ? አርባ ዓመት ወርቅ ሳጥብ አሸዋ ውሃ ሲያደፈርስ እንጂ ሲያጠራ አላየሁም!”

ሙርሳል ሰው ሲሰበሰብ ደስ አለውና ከጅረቱ ቀድቶ ላይኛው እንስራ ውስጥ ገለበጠ። ታች የወረደው ውሃ ግን ጥቁር ነበር።

“ሙርሳል፣ እንዲህ ያለውንማ ሳትደክም ከጅረቱ እንቀዳው አልነበር?” አለች ዐፊፋ የምትባል ጎረቤት፤ ሰዉም ሳቀ።

“ሮሰሪስ ሳለሁ እንዲህ አላደረገም” አለ ሙርሳል፣ እሱም ግራ ገብቶት። ሰዉ ሲበተን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ኑራስ? ሆዷ ተሻላት?” አላቸው።

ኑራ የሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ ለባቢከር የቀረቻቸው የልጅ ልጅ እሷ ብቻ ናት። ወንድሟን ኻሚስን በዚሁ በሆድ ሕመም ባለፈው ክረምት ቀብረውታል።

“የኻሚስ አጀሉ፣ የተጻፈለት ቀን ደርሶ ነው” አሉ ባቢከር። “ ውሃ አልገደለውም።”

“አጀሉን አላህ ያውቃል። ግን ከላይ ወርቅ ይቆፈራል፣ ከብት ይገባል፤ ኑራ ከታች ትቀዳለች። ለሶላት ሲታጠቡ ለውዱእ ንጹሕ ውሃ ይመርጣሉ፤ ለልጅቱ ሆድ ለምን አይመርጡም?”

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው የእንስራውን አሸዋ አዩ። የተረታ ሰው ጥርጣሬ ይፈልጋል፤ እሳቸውም አገኙ።

“ገባኝ! ጅረቱ የወርቅ ትቢያ አለው። እኛ ጠዋት ማታ ውሃ ስናፈስ ወርቃችን አሸዋህ ውስጥ ይቀራል፤ አንተ በጋሪህ መጥተህ ትሰበስባለህ!”

ሙርሳል ሳቅ መጣበት፤ ግን ዋጠው። “እንግዲያው እንስራዎቹ እርስዎ ቤት ይቀመጡ። አሥር ቀን ውሃ ያፍስሱባቸው። አሸዋው የእርስዎ ነው፤ ይጠቡት።”

ባቢከር አሥሩንም ቀን አፈሰሱ፤ ለኑራ ሳይሆን ለወርቁ ብለው። ውሃው ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ጠርቶ ወረደ፤ እሳቸው እግራቸውን ታጠቡበት። ኑራ ከጅረቱ እየጠጣች ሆዷን ይዛ ታድራለች።

በአሥራ አንደኛው ቀን አሸዋውን ወርቅ በሚያጥቡበት ገበቴያቸው ይዘው ጅረቱ ዳር ተቀመጡ። እያዞሩ አጠቡ። ከሥሩ አንዲት ፍንጣሪ ወርቅ እንኳ አልነበረችም። ወርቅ አጣቢ ላይ ላዩን ይደፋል እንጂ አያይም፤ ዓይኑ ከሥር ነው። ያን ቀን ግን ወርቁ የት ገባ ብለው የሚደፉትን አዩ፤ አረንጓዴ ዝቃጭ፣ የፋንድያ ገለባ፣ ፀጉር፣ እንደ ክር የቀጠነች የምትንቀሳቀስ ትል። አርባ ዓመት ሳያዩ ሲደፉት የኖሩት ነው። ልጆቹም ሲጠጡት የኖሩት።

ቤት ሲደርሱ ኑራ ቅሉን ወደ አፏ አስጠግታ ነበር። ነጥቀው መሬት ላይ ደፉትና ከታችኛው እንስራ ቀዱላት።

በነጋው ሙርሳልን አስጠሩት። “ወርቅ የለበትም። አንተም ግን ሞኝ ነህ፤ አሸዋና ከሰሉን ሳታጥብ ነው የጨመርከው። ጋሪውም በመንገድ ይንጠዋል፤ እንዴት አይደፈርስ? እንስራዎቹን ባዶ ጫን፣ አሸዋውን ለብቻው በጆንያ። በየመንደሩ ሰዎቹ ራሳቸው በገበቴያቸው አጥበው ይጨምሩት። ወርቃችንን ወሰደ የሚልህም አይኖርም።”

“እሺ፣ ኻሊ። እርስዎም የተጣራውን ለኑራ አፍልተው፣ አቀዝቅዘው ይስጧት፤ አሸዋ ያላስቀረውን እሳት ይጨርሰዋል።”

ጋሪው እንደ ሽማግሌው ምክር ተስተካክሎ ወጣ። በገዛ እጁ አሸዋ ያጠበ ሰው ማጣሪያውን ቤቱ ሄዶ ይሠራዋል፤ እንስራ፣ አሸዋና ከሰል የሌለበት መንደር የለም። በሠሩት ቤቶች የሆድ ሕመም ቀነሰ፤ ልጅ ማስታመም የቀረላቸው እናቶችም እርሻቸው ላይ መዋል ቻሉ።

ኑራ ዳነች። ባቢከር ከስምንት ዓመት በኋላ ሞቱ፤ ጀናዛቸው የታጠበበትን ውሃ ያጣራችው ኑራ ናት።