ሰላምታ የማያውቀው ገጣሚ

እኛ ባደግንበት ዘመን፣ ሆሳዕና ገጠር፣ ድንች የሚቆፍሩ ሰዎችን እያዩ «በርቱ» ሳይሉ ማለፍ ነውር ነበር፤ ካልቸኮልክማ ጎንበስ ብለህ ትንሽ ታግዛለህ። ስሙኝማ፣ ታዲያ ልጄ ምሕረት፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰችው፣ የዛሬ መቶ ምናምን ዓመት የተጻፈ የእንግሊዝ ግጥም ይዛ እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ቴምቢሳ ያለው ሱቃችን መጣች። ድርሰት ልትጽፍበት ነው፤ ውጤቱ ለዩኒቨርሲቲ ይቆጠራል። እኔም ትምህርቴ ከስድስተኛ ባያልፍም በመዝገበ ቃላት እየታገልኩ ማንበብ እወዳለሁና ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ሰውዬው ኮረብታ ላይ ተቀምጧል፤ ጉሙን ያደንቃል፣ ሜዳውን ያደንቃል፣ እና እታች ጭቃ ውስጥ ያጎነበሱትን ሴቶች «እንደ አበባ» ይላቸዋል። አበባ!

«ሰላም ብሏቸዋል?» አልኳት።

«ማሚ፣ ግጥም እኮ ነው!»

«ግጥም ሲሆን ሰላምታ ይቀራል?»

ታዲያ አሰበችበትና ጻፈችው፤ «ገጣሚው ሴቶቹን ያያቸው እንደ ዛፍ ነው፤ ባለጌ ነው» ብላ። መምህርቷ ዜሮ! እና በቀይ፣ «የተጠየቅሽው ስለ መልክዓ ምድሩ ውበት ነው።» ልጄ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ ሱቄን ዘግቼ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

መምህርቷ መነጽር ያደረገች የዙሉ ሴት ናት። «ማማ፣ ሰውዬው ያደነቀው ተፈጥሮን ነው» አለችኝ፣ ድምጿን አለስልሳ፣ ሕፃን እንደሚያባብሉ።

«የሰው ወገብ ነው ተፈጥሮ?»

«ታዲያ ምን ያድርግ?»

«ይውረዳ! ወርዶ ‹በርቱ› ይበላቸዋ! የናንተ ሕፃን እንኳ ሱቄ መጥቶ ‹ሳውቦና ማማ› ሳይል ዳቦ ስጪኝ አይልም። ይሄ ጎልማሳ ሰው ቀኑን ሙሉ አፍጥጦባቸው ሲውል አንዲት ቃል የለም! ልጄ ይህን ስላየች ነው ዜሮ?»

የልጄን ወረቀት እንደገና አነበበች። ከዚያ፣ «አያቴ በሰው እርሻ በቆሎ ስታርም መኪና እያቆሙ ፎቶ ያነሷት ነበር» አለች። «ሰላም ያላት አልነበረም።» እና ዜሮዋን ሰረዘቻት። ሰባት ከአሥር!

«ሦስቱን ለምን ቀነሰች?» አለች ወሬዬን ከሚያዳምጡት ሴቶች አንዷ።

«‹ባለጌ› የሚል ቃል በድርሰት አይጻፍም ብላ ነዋ! ታዲያ ምን ይባል፣ ጨዋ?»